ኤዲፐስን ወደ ነገሌ ለምታመጪው ልጄ

ልጄ፣ ከያቤሎ ስትደውይልኝ በድምፅሽ ውስጥ የነበረው ደስታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከቴአትር ክበብሽ ልጆች ጋር የሶፎክልስን «ንጉሥ ኤዲፐስ» ወደ አገራችን አምጥታችሁ ነገሌ ቦረና ላይ ልታሳዩት ነው። «ጋሼ፣ ስሞቹን ቀይረን የቦረና ታሪክ እናደርገዋለን» አልሽኝ። ወዲያው ያልመለስኩልሽ ነገሩን ችላ ብዬ አይደለም። ዕድሜዬን በነገሌ፣ በሜጋና በያቤሎ አማርኛ ሳስተምር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተማሪዎች ጋር ቴአትር ስሠራ ኖሬያለሁ፤ በዚሁ ተውኔት ላይም አንድ ጊዜ ክፉኛ ወድቄበታለሁ። በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ቁጥር እየሰጠሁ ጽፌልሻለሁ። ለልምምድ ስትቀመጡ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ተወያዩበት።

1. ሶፎክልስን አትፍሪው። እርሱም የወረሰ ሰው ነው። ከእርሱ ብዙ ዘመን በፊት ሆሜር ሳያውቅ አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባውን የኤዲፐስን ነገር በጥቂት ስንኝ አንስቶታል። እዚያ እናትየዋ ራሷን ሰቅላ ትሞታለች፤ ኤዲፐስ ግን መከራውን ተሸክሞ ቴብስን መግዛቱን ይቀጥላል። ዓይኑን ስለማጥፋቱም ሆነ ከተማዋን ስለመታ መቅሰፍት የተባለ ነገር የለም። ኤስኪለስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ467 በዚሁ ቤተሰብ ላይ ሦስት ተከታታይ ትራጄዲዎች አቅርቧል፤ ለእኛ የደረሰን የመጨረሻው ብቻ ነው። ሶፎክልስ ይህን ሁሉ ተቀብሎ ተውኔቱን በመቅሰፍት ጀመረው። አቴና በ430 በወረርሽኝ ተመትታ ነበር፤ ተውኔቱም ብዙ ሊቃውንት እንደሚገምቱት በዚያው ሰሞን፣ 429 ገደማ የቀረበ ነው። ይህ ግምት ልክ ከሆነ፣ በቴአትሩ የተቀመጠው ተመልካች ከቤቱ ሬሳ አውጥቶ የመጣ ሰው ነበር። ሶፎክልስ የጥንቱን ተረት ወስዶ የገዛ ከተማውን የሚያማት ቦታ ላይ አሳረፈው። አንቺም መፈለግ ያለብሽ ይህንኑ ቦታ ነው።

ተውኔቱ በቀረበበት ውድድር ሶፎክልስ ሁለተኛ መውጣቱንም ለልጆቹ ንገሪያቸው። አሪስቶትል ተውኔቱን የትራጄዲ አብነት አድርጎ የጻፈለት ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

2. ስምና ልብስ መቀየር ብቻውን አያደርስሽም። ይህን የምልሽ ስላደረግሁት ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ኤዲፐስን አዘጋጀሁ። ተዋናዮቹን ነጭ ኩታ አለበስኳቸው፣ እንደ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ላይ ሻሽ አስጠመጠምኳቸው፣ ለእያንዳንዱ የቦረና ስም አወጣሁለት። ታሪኩ እንዲገባ ብዬም እንግዳው ከተማዋን አድኖ ባሏ የሞተባትን ንግሥት ሲያገባ የሚያሳይ መግቢያ ጨመርኩ። ከፊት ረድፍ ሦስት የቦረና ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሠርጉ ላይ ስንደርስ አንደኛው ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። የተጠየቁት ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ፊታቸው አልተለወጠም፤ ኤዲፐስ ዓይኑን አጥፍቶ ሲወጣ እንኳ አልተለወጠም። ሲያበቃ ተከትያቸው ወጥቼ ምን እንደጠየቁ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

«ጎሳውን ሳይጠይቁት እንዴት ሚስት ሰጡት?» አሉኝ።

ይህች አንዲት ጥያቄ ሥራዬን ከሥሩ ነቀለችው። ቦረና ሳቦና ጎና በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች የተከፈለ ነው። የሳቦ ሰው ከጎና፣ የጎና ሰው ከሳቦ ያገባል እንጂ በገዛ ወገኑ ውስጥ አይጋባም። እንግዳ ሲመጣ ሰላምታው ሳያልቅ የማን ልጅ፣ ከየትኛው ጎሳ እንደሆነ ይታወቃል። የእኔ ኤዲፐስ ግን ማንም ምንም ሳይጠይቀው አልጋው ላይ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ያዩት ኩታ የለበሰ ግሪክ ነው፤ ለእርሱ የሚያዝኑበት ምክንያት አልነበራቸውም።

3. የውጭ ተውኔትን ወደ አገራችን ማምጣትን በአማርኛ «ውርስ ትርጉም» እንለዋለን። ቃሉን አስቢበት። ወራሽ ከብቱን ለይቶ አይወስድም፤ የሟቹን ዕዳም፣ ደሙንም፣ የገባውን ቃልም አብሮ ይወርሳል። ከኤዲፐስ የምንወርሰው ዕዳ የቱ ነው? ብዙ ሰው «ዕጣ ፈንታ» ይላል። እኔ ዓመታት ካወጣሁ ካወረድኩ በኋላ «ሕግ ነው» እላለሁ፤ አክብረው እየሄዱበት ገደል የሚያደርስ ሕግ። የሽማግሌውን ጥያቄ ይዤ ታሪኩን እንደገና ስገነባው እንዲህ ሆነልኝ።

አባትየው ሳቦ ነው እንበል። ሚስቱ በሕጉ መሠረት ከጎና ናት። ልጅ ተወለደ። የግሪኩ አባት ላዮስ ልጁን የጣለው ትንቢት ፈርቶ ነው፤ የእኛው አባት ትንቢት ላያስፈልገው ይችላል። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የገዳ ጥናቱ እንደጻፈው፣ በቀድሞው ሥርዓት አንድ ሰው በገዳ እርከኑ የአባትነት ጊዜው ከመድረሱ በፊት የወለደውን ልጅ ማሳደግ አይፈቀድለትም ነበር፤ ሕፃኑ በዱር ይተው ነበር። እንግዲህ ይህ አባት ልጁን የሚጥለው ከክፋት ሳይሆን ሕግ አክባሪ ስለሆነ ነው። አንድ እረኛ ያገኘዋል፣ አንጀቱ አይችልም፣ ያነሳዋል።

ለማን ይሰጠዋል? እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ለጎና ቤተሰብ ከሰጠው ልጁ ጎና ይሆናል፤ ጎና የጎናን ሴት አይነካም፤ ታሪኩ እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ሩቅ አገር ላለ፣ ልጅ ላጣ ሳቦ፣ እንዲያውም ከአባትየው ጎሳ ለሆነ ሰው ይስጠው። ጉዲፈቻ በኦሮሞ ዘንድ የይስሙላ አይደለም። ልጁ ሙሉ በሙሉ የአሳዳጊው ልጅ ነው፤ ጎሳው ጎሳው ነው። አድጎ ማንነቱን ሲጠይቁት «ሳቦ ነኝ» ብሎ ሲመልስ ውሸት አልተናገረም።

መበለቲቱስ? በአካባቢው ልማድ ባሏ የሞተባትን ሴት የሟቹ ወንድም ወይም የጎሳ ዘመድ ይወርሳታል። የመጣው እንግዳ የሟቹ ጎሳ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ይጠይቁታል፤ ይመልሳል። እንደገና ይጠይቁታል፤ ይመልሳል። ሁሉም መልስ ትክክል ነው። ይወርሳታል። ማንም ሳይዋሽ፣ አንድም ደንብ ሳይጣስ፣ ልጅ እናቱን አገባ። ያን ቀን ከፊት የተቀመጡት ሦስቱ ሰዎች ይህንን ቢያዩ ኖሮ ፊታቸው እንደዚያ ድንጋይ ሆኖ እንደማይቀር አምናለሁ።

ስለተጣለው ሕፃን ግን ከቦረና ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠሽ ሳትመክሪ አንድ መስመር እንዳትጽፊ። ይህ የሰዎች አያት ቅድመ አያት ያለቀሱበት ነገር ነው፤ ተመልካች ማስደንገጫ ልታደርጊው አይገባም። «ተዪው» ካሉሽ ተዪውና አባትየውን ወደ ትንቢቱ መልሺው።

4. ቦረና ንጉሥ የለውም። አባ ገዳ ስምንት ዓመት ይመራል፣ ያስረክባል። ሕጉ በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ይታያል፤ ያጠፋ መሪም ከቦታው ይነቀላል። ኤዲፐስ ግን አራት ልጆች ወልዶ እስኪያሳድግ የገዛ ነው። እርሱን አባ ገዳ ካደረግሽው ታሪኩም ያነክሳል፣ ሥርዓቱንም ታሳንሺዋለሽ። ወደ ውኃው ሂጂ። ዱብሉቅ ወርደሽ ጥልቁን የቱላ ጉድጓድ እይ። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በእርከን ቆመው ውኃውን እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጣሉ። ጉድጓዱን የጀመረው ሰው አባ ኮንፊ ይባላል፣ መብቱም በጎሳው ይወረሳል፤ አባ ሄሬጋ ደግሞ የመጠጫውን ተራ ያስከብራል። ግሪኮች ዘንድ ከተማዋን ያስጨነቀውን አውሬ፣ ስፊንክስን፣ ድል የነሳው እንግዳ በአንቺ መድረክ ላይ ተደርምሶ የኖረ ጉድጓድ የከፈተ ሰው ይሁን። ሕዝቡ የወደደው፣ ያከበረው፣ ቃሉን የሰማው ስለዚህ ነው። ዓመታት አልፈው ውኃው ሲሸሽ ሕዝቡ ደጁ ላይ ይቆማል፤ «አንድ ጊዜ አድነኸናል፣ አሁንም አድነን» ይለዋል። ይህ የሶፎክልስ መክፈቻ ራሱ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲቀር በቦረና ሜዳ የወደቀውን ከብት ያየ ሰው ትርጓሜ አይጠይቅሽም።

ቦረና ሰላሙንና ዝናቡን ለያይቶ አያይም። በመካከል የተሠራ ጥፋት ካለ ሰላሙ ይናጋል፣ ሰላሙ ሲናጋ ሰማዩ ይዘጋል ይላል። ግሪኮቹ የገዳይ ደም ምድሪቱን ያሳድፋታል የሚሉት ከዚህ ብዙም አይርቅም። እዚህ ላይ አንቺ የምትፈጥሪው ነገር የለም፤ መስማት ብቻ ነው።

5. ነገሌ የራሷ ኤዲፐስ አላት የሚል ሰው ይመጣብሻል፤ አይሳሳትም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከግቢ እንዳልወጣ በሩን ከውስጥ እንደቀረቀረችው አስታውሳለሁ። ከተማችን ላይ የሰፈረው ብርጌድ ተራ ወታደሮች የውኃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከልክለው፣ ምግባቸውም ከፍቶ፣ መኮንኖቹን ያዟቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ እርሳቸውንም ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ የካቲት ላይ ነገሩ ወደ ሌሎች ጦር ሠፈሮች ተዛመተ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የአብዮቱን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ከነገሌ ውኃ የሚጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የተጠማ ሕዝብ፣ ከላይ የተላከ መልእክተኛ፣ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ የጠያቂው ደጅ ላይ መድረሱ፤ ሁሉም አለበት። ወደ ጦር ሠፈሩ ሄደሽ ልትጽፊው ትችያለሽ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ግን ጉድጓዱን ምረጪ። በጦር ሠፈሩ ታሪክ ውስጥ ሥልጣን እንጂ እናት የለችም። እናት የሌለችበት ኤዲፐስ የፖለቲካ ምርመራ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ለመቀላቀልም አትሞክሪ።

6. ሌሎች እንዴት እንደወረሱት እይ። ግብፃዊው አሊ ሳሌም እ.ኤ.አ. በ1970 ኤዲፐስን ወደ ግብፅ ቴብስ ወስዶ ኮሜዲ አደረገው፤ ሕዝቡ «አውሬውን የገደልከው አንተ ነህ» እያለ መሪውን ሲያመልክ፣ አውሬው ግን ተመልሶ ሲመጣ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1967 በእስራኤል ከደረሰው ሽንፈት በኋላ ለነበረ ካይሮ ይህ ምን ማለት እንደነበር አስቢው። በአሜሪካ ሊ ብሩየር እ.ኤ.አ. በ1983 የሽማግሌውን ኤዲፐስ ፍጻሜ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መዝሙር አቀረበው። እንግሊዛዊው ሮበርት አይክ ደግሞ በቅርቡ የምርጫ ውጤት የሚጠብቅ ፖለቲከኛ አደረገው።

ከሁሉም ቁጭ ብለሽ እንድታነቢው የምፈልገው ግን የናይጄሪያዊውን ኦላ ሮቲሚን ተውኔት ነው፤ ርእሱ በአማርኛ «አማልክቱ አይወቀሱ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968፣ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት በምትነድበት ጊዜ በኢፌ ታየ። በሶፎክልስ ዘንድ ኤዲፐስ ሽማግሌውን የሚገድለው ሦስት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ሽማግሌው ከመንገድ ገፍትሮ ይመታዋል፣ እርሱም ይገድለዋል። ሮቲሚ ይህን ቀየረው። የእርሱ ጀግና የሚገድለው ጎሳው ስለተሰደበበት ነው። በዚያ ዓመት በናይጄሪያ የሚያመው ቦታ ያ ነበር።

ከአገራችን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን አንሺ። ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰ፣ የብሬሽትን «እናት ኩራዥ» ተውኔት ወስዶ «እናት ዓለም ጠኑ»ን የጻፈ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ኦክስፎርድ ባሳተመለት የእንግሊዝኛ ተውኔቱ፣ በ«ኦዳ ኦክ ኦራክል»፣ አንድም የግሪክ ስም አልጠራም። ጀግናው ሻንካ የበኩር ልጁ ለአባቶች መሥዋዕት እንደሚሆን ይነገረዋል። ልጅ እንዳይወለድ ብሎ ከሚስቱ ይርቃል። በመራቁ ምክንያት ሚስቱ ከጓደኛው ታረግዛለች፣ ጓደኛው በእጁ ይሞታል፣ እርሷም በወሊድ ትሞታለች። ከትንቢቱ የሸሸበት መንገድ ራሱ ወደ ትንቢቱ አደረሰው። እኔ እንደማነበው ጸጋዬ ከግሪኮቹ የወሰደው ይህንን አካሄድ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከኦዳ ሥር የበቀለ ነው።

7. አሁን ልቤ ላይ ያለውን ልንገርሽ። የግድያውን ቦታ በጥንቃቄ ጻፊው። የምንኖረው ቦረና፣ ጉጂ፣ ገሪ፣ ሶማሌ፣ ከደጋ የመጣው አማራና ጉራጌ በአንድ ገበያ በሚገናኙበት አገር ነው፤ በውኃና በግጦሽ ሰበብ ስንት ቤት እንደተዘጋ አንቺም ቆጥረሻል። ግድያው በውኃ ተራ ላይ ይሁን። ወጣቱ ከብቱ ተጠምቶበት ይመጣል፣ አንድ ሽማግሌ ተራውን ይዞ ይቆማል፣ አንዱ ሌላውን ይገፋል፣ ዱላ ይነሳል። ልብ በይ፣ ሰላምታ ሳይለዋወጡ ነው። አንዱ ሌላውን «ሰላም ነህ ወይ፣ የማን ልጅ ነህ?» ብሎት ቢሆን ኖሮ አንድ ጎሳ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ለእኔ የወጣቱ ጥፋት ይህ ነው፤ ዕጣውም ትንቢቱም ሳይሆን ያልተሰጠው ሰላምታ።

ሟቹን የማንም ጎረቤት ሕዝብ ልብስ አታልብሺው፣ የማንንም አነጋገር አታናግሪው። ተመልካቹ ግን በልቡ «የሌላ ወገን ሰው ነው» ብሎ ይለፈው፤ ተዪው ይለፈው። በመጨረሻው ሰዓት የሞተው የገዳዩ አባት መሆኑ ሲወጣ ያን ቅጽበት ተመልሶ ያስታውሰዋል፤ ቅድም ምን ያህል ቀሎት እንደነበረም ያስታውሰዋል። እኔ በዚህ ምድር ላይ ስንት ጊዜ «ማን ሞተ?» ተብሎ ሲጠየቅና መልሱ ሲሰማ ትከሻ ሲነቀነቅ አይቻለሁ። ይህን ተውኔት ነገሌ ላይ እንድታሳዪው የምለምንሽ ለዚያ ቅጽበት ስል ነው።

8. የሶፎክልስን ዓይነ ስውር ነቢይ ሞራ ገላጭ አድርጊው። ሮማዊው ሴኔካ ኤዲፐስን በራሱ መንገድ ሲጽፍ የታረደውን ከብት ሆድ ዕቃ የማንበብ ረጅም ትዕይንት አስገብቷል፤ ከእኛ ቆላ ሰው ይልቅ ያንን የሚረዳ ተመልካች አላውቅም። ነቢዩ አያይም፤ ሴት ልጁ ሞራውን እያየች ትነግረዋለች፣ እርሱ ይተረጉማል።

9. ደም አታሳዪ። ሶፎክልስ ኤዲፐስ ዓይኑን ሲያወጣ አላሳየም፤ አንድ አገልጋይ ወጥቶ ይናገራል። ተናጋሪው ጎበዝ ከሆነ ይበቃል።

10. እናትየዋን አታሳንሺያት። ከልጇ ቀድማ እውነቱን የምታውቀው እርሷ ናት። «ተው፣ አትጠይቅ» ብላ ትለምነዋለች፣ አልሰማ ሲላት ቃል ሳትጨምር ወደ ቤት ትገባለች። ወጣት ተዋናዮች እዚህ ላይ መጮህ ይወዳሉ፤ አስቁሚያቸው። መርዶ የሰማች እናት ጮኻ ከማልቀሷ በፊት የምትቆምባት ቅጽበት አለች። የአገራችን ሰው ያቺን ዝምታ ያውቃታል።

11. ስለ ቋንቋ። ንግግሩን በአማርኛ ጻፊው፣ ኮረሱ ግን በኦሮምኛ ይዝፈን። ነገሌ ላይ ሰው በቀን ሦስት ቋንቋ እየለዋወጠ ነው የሚውለው፤ መድረኩም እንደ ከተማው ይሁን። ዜማውን ከውኃ ቀጂዎቹ ተማሪ፣ ግጥሙን ግን ራሳችሁ ድረሱ። የጉድጓዱ ዘፈን የከብቱና የባለ ጉድጓዱ ነው፤ ሳይፈቅዱልሽ አታውጪው።

12. ከሁሉ አስቀድመሽ የእረኛውን ትዕይንት ጻፊ። ሕፃኑን ያነሳው ሰው አርጅቶ ይመጣል፣ እንዳይጠይቁት ይለምናል፣ ያስገድዱታል፣ ይናገራል። ያዳነው ልጅ በዳነበት ቀን እንደጠፋ በገዛ አፉ ይመሰክራል። ይህን ቦታ ለተማሪ አትስጪ፤ ከብት የጠበቀ፣ እጁ የሻከረ ሰው ፈልጊ፣ ማንበብ ባይችል እያነበባችሁለት ይያዘው።

ለፋሲካ ስትመጪ ጽሑፉን ይዘሽ ነይ። ያን ቀን ጎሳውን የጠየቁት ሽማግሌ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት፣ ጆሯቸው ደከም ብሏል እንጂ ልባቸው ደህና ነው። ወደ እርሳቸው አብረን እንሄዳለን። አንቺ ታነቢላቸዋለሽ፣ እኔ ጮክ ብዬ በኦሮምኛ እመልስላቸዋለሁ፤ እንግዳው መበለቲቱን ወደሚወርስበት ቦታ ስንደርስ ቀና ብለሽ ፊታቸውን እይ።